ግድግዳው በኩል ያለው ጎን

ማርያን ከቤት ከመውጣቷ በፊት መርከቧን ትነካለች። ሌላው ሰው ቢስሚላህ ብሎ፣ ኪሱን ዳብሶ፣ ጫማውን አራግፎ ይወጣል፤ እሷ ግን ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ከበሩ ትመለስና ወደ ቡፌው ትሄዳለች። ቀኝ እጇን እላዩ ላይ ከተቀመጠችው የፕላስቲክ መጫወቻ መርከብ ኋላ፣ ግድግዳው በኩል ወዳለው ጎን ታሾልክና፣ የሰው ቤት ደወል እንደምትደውል ሴት በአውራ ጣቷ አንዴ ጫን አድርጋ ትለቃለች። ከዚያ ጋርባሳሯን ተከናንባ ትወጣለች። ናስትሆ አክስቷ ቤት አሥራ ሰባት ዓመት ስትኖር ይህን ነገር በየቀኑ አይታለች፤ አንድም ቀን አልጠየቀችም። በዚያ ቤት ውስጥ ቡፌው ውስጥ ከተደረደረው ብርጭቆ ይልቅ የማይጠየቀው ነገር ይበዛል። ልጅ ሳለች፣ አክስቷ አቧራ መኖር አለመኖሩን የምታይ ይመስላት ነበር፤ አድጋም ሌላ ምክንያት መፈለጉ ስላልጣማት በዚያው ጸናች።

ዐረፋ ሊገባ ሦስት ቀን የቀረው ሐሙስ ነበር። ማርያን በዓመት አንዴ፣ ከዐረፋ በፊት ባለው ሐሙስ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያ ትሄዳለች። «ዱዓ አድርጌ ልምጣ» ትላለች፤ ለማን እንደሆነ አትልም። በስደተኞቹ ካምፕ አጠገብ፣ በአምስት ዓመቷ የተቀበረች ኢልዋድ የምትባል ልጅ እንደነበረቻት ግን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ናስትሆም ታውቃለች። ስሟን ግን ከአክስቷ አፍ ሰምታው አታውቅም።

«ድስቱ ውስጥ ሩዝ አለልሽ፤ መግሪብ ሳይደርስ እመለሳለሁ» አለች ማርያን፤ መርከቧን ጫን አደረገች። «በሩን ለንፋሱ አትተዪለት።»

«እሺ፣ ኤዶ» አለች ናስትሆ አክስቷን።

እሺ ያለው አፏ ነው። ጆሮዋ የባጃጁ ድምፅ መንገዱ ጥግ ላይ ታጥፎ እስኪጠፋ እየቆጠረ ነበር።

ናስትሆ የታወቀ እጅ አላት፤ ይህንንም ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ራሷ ነች። የምትሠራው የሙሉመቤት የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ከዓመት በፊት የፀጉር ማድረቂያው ኮፍያ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆኖ፣ ደንበኞቹ ከሥሩ መቀመጥ ተጸይፈው፣ ሙሉመቤት ልትጥለው ስትል ናስትሆ «ለኔ ተይው» አለቻት። ለፀጉር ማቅለሚያ የሚበጠበጠው ባለ አርባ ቁጥር ክሬም ውስጥ ተረስቶ፣ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ አንድ ማበጠሪያ በአንድ ጎኑ ነጥቶ አይታ ነበር። ይህን ያየ ሰው ብዙ ነው፤ ያየውን አስቦ ኮፍያውን ክሬም የቀባ፣ በላስቲክ የጠቀለለና ፀሐይ ላይ ያዋለ ግን እሷ ብቻ ነች። ትምህርት ቤት አላስተማራትም፤ አስተማሪም አታመሰግንም። ኮፍያው ነጣ። ቀጥሎ የመብራት ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ነጡ፤ ቀጥሎ የጎረቤቱ ሱቅ ሬዲዮና ካልኩሌተር። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እኔንም ቀብተሽ ታሰጪኛለሽ» አለች ሙሉመቤት።

ዝናው ነው ዴቅን ያመጣው። ዴቅ ከእንግሊዝ አገር ለሦስት ወር የመጣ፣ ሽበቱን የማይቀባ፣ ሃምሳ የገባ ሰው ነው። የሚሰበስበው አሮጌ የልጅ መጫወቻ ነው፤ በልጅነቱ የነበረውን ሳይሆን በልጅነቱ ሌላ ልጅ እጅ ላይ አይቶ የቀናበትን። ከጅቡቲ በደወሌ በኩል በባቡር ይገባ የነበረ አምቡላንስ፣ ክንዱ የሚሽከረከር የጠፈር ሰው፣ ዓይኗን የምትከድን አሻንጉሊት ከየሰው ጓዳ እየገዛ፣ ቢጫውን እንድታስለቅቅለት ለናስትሆ ይሰጣታል፤ ለአንዷ እቃ ስምንት መቶ ብር ይከፍላል። ሰው ልጅ ሳለ ያጣውን በእርጅናው ለመግዛት ይህን ያህል ሲያወጣ ስታይ ናስትሆ ትስቃለች፤ ብሩን ግን ሳትስቅ ትቀበላለች። ባለፈው ሳምንት ነው እንግዲህ፣ «ሰማያዊ ጭስ ማውጫ ያላቸው ነጫጭ የመንገደኛ መርከቦች ነበሩ፤ አንዲት ባገኝ» ያለው። የናስትሆ አፍ ቀደማት።

«እኛ ቤት አለች።»

«ነጭ?»

«ነጭ ነበረች።»

«ነበረች» ብሎ ሳቀ ዴቅ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት የቆየ ቢጫ ካንቺ የሴቶች ክሬም በላይ ነው። እሱን እንኳ ተይው።»

ይህቺ «ተይው» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመች። እንደማትሸጥ ታውቃለች፤ ዕቃው የሷ አይደለም። ለማሳየት ብቻ ነው፤ ዛሬ አሥር ሰዓት መጥቶ አይቶ አፉን ይዞ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ደግሞ ይበራል። ለአክስቷም የዒድ ስጦታ ይሆናል፤ ባሏ ከመጥፋቱ በፊት ከጅቡቲ ያመጣላት ጊዜ እንደነበረችው ሆና ትጠብቃታለች። ናስትሆ ይህን የስጦታ ነገር ሌሊቱን አሰላስላ ስትጨርስ፣ መጀመሪያ ያሰበችው እሱን ይመስላት ጀመር። ሰው ለራሱ ሲዋሽ ምስክር አያስፈልገውም።

መርከቧን በሁለት እጇ አወረደቻት። ክንድ የምታክል ነች፤ ተረስቶ እንደቆየ የዝሆን ጥርስ ቢጫ ሆናለች። ሰማያዊውን ጭስ ማውጫ ነቅላ ለብቻው አስቀመጠችው፤ ክሬሙ ቀለሙን ይበላዋል። መልህቁ ላይ ያለችውን ቀይ ቀለም ቫዝሊን ቀባቻት። ገላዋን በኦሞና በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣ አጥባ፣ አደረቀች። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ፣ በፀጉር ቀለም መቀቢያው ብሩሽ ክሬሙን ከአፍንጫዋ ጀምራ ወደ ኋላ እኩል እኩል ትስብ ጀመር። ክሬሙ አንድ ቦታ ከወፈረ፣ ሌላ ቦታ ከሳሳ እንደ ሜዳ አህያ ያዥጎረጉራል። እጇ ግን አያዥጎረጉርም።

ግድግዳው በኩል ያለውን ጎን ስትገለብጥ የባቄላ ፍሬ የምታክል ቡናማ ነገር አገኘች። ሻይ ነው አለች። ጎንበስ አለች። ዙሪያው በመነካት ብዛት ደብዝዟል፤ መሃሉ ላይ ግን ጠጠር የወደቀበት ውሃ የመሰሉ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተከበቡ፣ ከክር የቀጠኑ መስመሮች ነበሩ። ብሩሹ ቆመ። አክስቷ በየቀኑ አውራ ጣቷን የምታሳርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ይቺ ግን የአውራ ጣት ግማሽ አትሆንም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ የናስትሆ ግን ዓይኗም አየ፣ ልቧም አየ። ዴቅ መርከቧን አገላብጦ «ይቺስ?» ሲል፣ ያንን ሳቁን ሲደግመው ታያት። ሻይ ነው ብላ ደገመች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። እዚያም ቦታ ላይ ክሬሙን ደረብ አድርጋ ቀባችው።

በግልጽ ላስቲክ ጠቅልላ፣ የዝናቡ ውሃ የሚጠራቀምበት በርካ ክዳን ላይ፣ ንፋሱ እንዳይጥላት በአራት ድንጋይ አስደግፋ አስቀመጠቻት። የጅግጅጋ ፀሐይ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ነች፤ ንፋሷ ነው እንጂ ጠላቱ። በየግማሽ ሰዓቱ እየወጣች ፊቷን አዞረቻት፤ አንድ ጎን ብቻ እንዳይበላ። በመሃል ሩዟን በላች። ቤቱን ጠረገች። ቡፌው ላይ መርከቧ የነበረችበት ቦታ አቧራ ያልነካው ረጅም ሞላላ ሆኖ ቀርቷል፤ በጨርቅ ልትወለውለው ሄዳ፣ ምን እንደያዛት ሳታውቅ ትታው ተመለሰች።

ሰባት ሰዓት ላይ ላስቲኩን ፈታ በውሃ ለቀለቀቻት። ነጭ። አለቀ፤ ሌላ ቃል የለውም። ሠላሳ ዓመቱ በባልዲው ውሃ አብሮ ወርዶ፣ መርከቧ ዛሬ ከሱቅ እንደወጣች ሆና ፀሐይ ላይ በራች። ናስትሆ ለራሷ ሳቀች። ጎረቤቷ ባቱሎ ወንፊት ልትመልስ የግቢውን በር ገፋ አድርጋ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ባቱሎና ማርያን ከአንድ ካምፕ፣ ከጎን ለጎን ድንኳን የወጡ ናቸው።

«ማሻአላህ። ይቺ ያቺ መርከብ ነች?»

«እሷው ነች፣ ኤዶ ባቱሎ።»

«ከክሬሙ ለኔም ፊት ትንሽ አስተርፊልኝ፤ ሽማግሌው ሌላ ሊያገባ ነው ይሉኛል።»

«አንቺን እንኳ በግማሽ ቀን አልጨርስሽም።»

ባቱሎ እየሳቀች መርከቧን ተቀበለቻት፤ አፍንጫዋን አየች፣ መስኮቶቿን በጣቷ ቆጠረች፣ ገለበጠቻት። ጎኗን በመዳፏ ዳበሰች። መልሳ ዳበሰች። ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ጣቷስ?»

«የምን ጣት?»

ባቱሎ በርካው ክዳን ላይ ተቀመጠች፤ መርከቧን እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አጋደመቻት። የተናገረችው ወደ ናስትሆ ሳይሆን ወደ መርከቧ ነው። ካምፕ በገቡ በመጀመሪያው ዐረፋ ዋዜማ፣ ለሦስት ቤት አንድ ጣሳ ሂና ተበጥብጦ፣ ለትንሿ ኢልዋድ እጇን ቀብተው በፌስታል አሥረው አስተኟት። ልጅቷ ሌሊት ፌስታሉን በጥርሷ ፈታ፣ መርከቧን አቅፋት ልትተኛ ከሻንጣው ላይ አነሳቻት። በነጋታው ማርያን ያንን ቡናማ ጣት ነጩ ላይ አየችው። ባሏ በጦርነቱ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ከሱ እጅ የቀራት ያቺው መርከብ ብቻ ነበረች።

«በጥፊ መታቻት» አለች ባቱሎ። «በዒድ ጠዋት፣ በአዲስ ቀሚሷ፣ እኔ ፊት። በዕድሜዋ አንዴ ነው የመታቻት፤ ያችኑ አንዴ። ሁለት ወር ሳይሞላ ኩፍኝ ገባ።» መርከቧን ገለበጠቻት። «እድፉን በሳሙና ስትፈትግ ያየኋት እኔ ነኝ። አልለቅ አለ። ልጅቷን ቀብረን ስንመለስ ደግሞ፣ ባለመልቀቁ አላህን ስታመሰግን ያየኋት እኔው ነኝ። የልጅቷ ፎቶ የሚባል ነገር የላትም፣ ታውቂያለሽ።»

«አላየሁትም» አለች ናስትሆ።

ባቱሎ ቀና ብላ ተመለከተቻት።

«ሁሉም ቢጫ ነበረ፤ አልለየሁትም» አለች ናስትሆ፤ ድምፅዋ ሲቀጥን ለራሷም ተሰማት።

«እንግዲያው ንገሪያት። ጋርባሳሯን ሳታወልቅ፣ በሩ ላይ ንገሪያት። ካወለቀች በኋላ ወደ ቡፌው ነው የምትሄደው።» ወንፊቷን አስቀምጣ፣ እግሯን እየጎተተች ወጣች።

ናስትሆ መርከቧን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገቻት፤ ወደ ጥላ ወሰደቻት፤ የስልኳን መብራት አብርታ ከጎን መታቻት። ምንም የለም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇ ባይሠራላት ኖሮ ብላ ተመኘች። ቢጫው እንኳ ይመለሳል፤ ታውቃለች፤ ጨለማ ውስጥ ጥቂት ዓመት ቢያስቀምጡት ፕላስቲክ ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ሂና ግን አይመለስም። የአምስት ዓመት ልጅ ጣት አይመለስም። ሻይ ነው ያለችው ድምፅዋ ቤት ውስጥ አሁንም የተንጠለጠለ መሰላት።

ልትነግራት ወሰነች። እየወሰነች ግን እግሯ ወደ ፀጉር ቤቱ ሄደ። ለዒድ የመጡ ሴቶች ወንበሩን ሞልተው እጅ እግራቸውን ያስቀባሉ፤ ናስትሆ ከሂናው ስትቀንስ ሙሉመቤት ቀና ሳትል «ሂናው ለማን ነው?» አለቻት። «ለራሴ» አለች ናስትሆ፤ ያን ቀን የተናገረችው አንድ እውነት ይኸው ነበር። ቤት ተመልሳ በሯን ዘጋች። ትንሿን ጣቷን ሂናው ውስጥ ነከረች፤ በክሬሙ ዕቃ ክዳን ላይ ሞከረች። የመጀመሪያው ተዝረከረከ። ሁለተኛው ወፈረ። ብልሃቱ ከጣቷ ጫፍ በጣም ትንሿን ቦታ ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ ቢራቢሮ እንደሚያርፍ አሳርፎ ማንሳት እንደሆነ በስድስተኛው ገባት። ከዚያ መርከቧ ላይ፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ አሳረፈች። አደረቀች፣ ፈቀፈቀች። ብርቱካንማ ሆነ። በቅርንፉድ ዘይት አጠቆረችው፤ በሻይ ዝቃጭ አስረጀችው፤ ዙሪያውን በእርጥብ ጨርቅ አደበዘዘችው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሲነካ የኖረ እስኪመስል። በእጇ ከሠራችው ሁሉ የተዋጣለት ሥራ ነበር። ጭስ ማውጫውን መልሳ ተክላ ቡፌው ላይ ስታስቀምጣት፣ ልብሷ በላብ ርሶ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነበር።

ዴቅ በአሥር ሰዓት መጣ። ቡፌው ፊት ቆሞ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም፤ ናስትሆ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህንኑ ዝምታ ነበር፤ አሁን ሲመጣላት ግን ጨው ያልገባበት ወጥ ሆነባት። መርከቧን አንስቶ ገለበጣት።

«ይቺስ? ይቺን ምነው ተውሻት?»

«አትለቅም፣ አዴር» አለችው እንደ አጎት አክብራ።

«ካንቺ ክሬም በላይ ሆነች?» አለ፤ ያው ሳቅ ተመለሰ።

ናስትሆ መርከቧን ተቀበለችው። «አዎ። በላይ ሆነች።»

አራት ሺህ ብር እሰጣለሁ አለ። አትሸጥም አለችው። አምስት አለ። «የኔ አይደለችም» አለች፤ ይህን ጠዋት ከመቀባቷ በፊት አስታውሳው ቢሆን ኖሮ ብላም አሰበች። ዴቅ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ለዒድ መልካም ተመኝቶላት ሄደ።

ማርያን የገባችው ፀሐይ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ስትወርድ ነው። የቀሚሷ ጠርዝ የቀብሪበያን ቀይ አፈር ይዟል። በሩ ላይ ናስትሆ አፏን ከፈተች፤ «እንኳን በደህና መጣሽ፣ ኤዶ» የሚል ወጣው። ማርያን ጋርባሳሯን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ዞረች። ነጩን አየች።

ውጪ ንፋሱ የሰው ቆርቆሮ ያንኳኳል።

«አንቺ ነሽ?»

«ለዒድ ብዬ ነው።»

ማርያን ወደ ቡፌው ሄዳ እጇን ግድግዳው በኩል ሰደደች። አውራ ጣቷ ቦታውን አገኘ፤ ግን እንደ ወትሮው ጫን አድርጋ አልለቀቀችም። ጣቷ እዚያው ቆየ፤ ቀስ ብሎ ዞረ፣ ዓይነ ስውር ሰው ፊት እንደሚዳብስ። ከዚያ ናስትሆ አይታ የማታውቀውን አደረገች፤ መርከቧን አነሳቻትና ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ ወሰደቻት።

«እሷን አልነካኋትም» አለች ናስትሆ። ማንም አልጠየቃትም። «ዙሪያዋን ነው የሠራሁት።»

ማርያን መርከቧን አየች። ከዚያ የናስትሆን ቀኝ እጅ፣ ከጀርባዋ ኋላ የሸሸገችውን፣ ጎትታ አወጣችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋች፤ አውራ ጣት፣ አመልካች፣ መሃል፣ ቀለበት። የትንሿ ጣት ጫፍ እንደ ካሮት ቀልቶ ነበር። ጣቱን መርከቧ ጎን ላይ ካለችው ምልክት አጠገብ አስጠጋችው፤ ልብስ ለልጅ እንደምትለካ እናት ለካችው። ናስትሆ ጉንጯ ጋለ፤ ጥፊው እንዲመጣ ጠበቀች፤ እንዲመጣም ለመነች። የማርያን እጅ ግን አልተነሳም።

«አድጋለች» አለች ማርያን።

መርከቧን ቦታዋ መለሰቻት፤ አቧራ ያልነካው ሞላላ ላይ ልክክ አድርጋ። «ሩዝ ተርፎ እንደሆነ አሙቂልኝ» አለች። በላች፤ ሰገደች። ከመግሪብ በኋላ ባቱሎ ከአጥር ማዶ ጠራቻት፤ ማርያን ቁልፏን ዳበሰች፣ ጫማዋን አራገፈች፣ ጋርባሳሯን ተከናነበች። በሩ ላይ ደረሰች። ናስትሆ ሰሃን እያጠበች ወደ ቡፌው እስክትመለስ ጠበቀቻት። ማርያን አልተመለሰችም። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

ናስትሆ እጇን አድርቃ የክሬሙን ዕቃ ከፈተች። ከሥሩ የቀረው የአንድ ጣት ሂና ለማስለቀቅ ይበቃል፤ አሥር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሩብ ሰዓት። ቀይ ጣቷን የዕቃው አፍ ላይ ይዛ ቆመች። ከዚያ ዕቃውን መልሳ ከደነችው።